ዓይኗን ያነሣችበት ሳምንት

ሰኞ
ዛሬም አልቀጠሯትም። የልጅ ልጄ ሊዲያ ሁለተኛ ቃለ መጠይቋን ወድቃ መጣች። ዱከም ፋብሪካ በልምምድሽ ጊዜ ምን ሠራሽ ሲሏት፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ያዘዙኝን ብላ መልሳለች። ውሸታም! የዱከሙን ፋብሪካ መጋዘን በባለቀለም ፕላስተር ለያይታ ዕቃ ፍለጋውን ያቀለለችው ራሷ ናት። መሬት መሬት እያየች እንደተናገረች አልጠራጠርም። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን አይነሣም ብዬ የቆነጠጥኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ሐሙስ ሞጆ ሌላ ቀጠሮ አላት፤ ደረቅ ወደቡ አጠገብ፣ የጭነት ድርጅት መጋዘን።

ማክሰኞ
የሠርጌን ከረባት አስሬ ሳሎን ተሰየምኩ። ቀጣሪሽ ነኝ አልኳት። አንገቷን ደፍታ ገባች። ጉንዳን ጠፍቶብሽ ነው ወይ ብላት ሳቀች። አምስቴ መልሼ አስገባኋት። በስድስተኛው ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ እኔው ደነገጥኩ። ከትራፊክ ፖሊስ በቀር እንደዚያ ያየኝ የለም።
ሲቪዋንም አየሁት። ለባንክም ለዱቄት ፋብሪካም የምትልከው ያንኑ ነው! የዱከሙን ሥራ ከላይ አወጣች፤ የመዘምራን ጸሐፊነቷ ወደ ታች ወረደ።

ረቡዕ
ነገን ዛሬ ለማየት ሞጆ ሄድን። ሚኒባሱ ከእኛ ከአዳማ ስንት ሰዓት ሞልቶ እንደሚነሣ ያዝን። የመጋዘኑ በር ላይ ጥበቃውን «አካም ጅርታ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም ስለው ወንበሩን ለቀቀልኝ። ዕቃው የት እንዳለ እስኪገኝ ሾፌሮች ግማሽ ቀን ይቆማሉ አለ። ሊዲያ ጻፈችው። እኔም የጭነት መኪና ስነዳ ስንቴ ቆሜያለሁ!

ሐሙስ
ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰች። አንዱ ሽበታም ጠያቂ፣ መጋዘን ለሴት ልጅ ይከብዳል ብሏታል። ቀና ብላ «ጋሼ፣ የዱከሙን መጋዘን ያደራጀሁት እኔ ነኝ። የእናንተም ሾፌሮች እንዳይቆሙ ማድረግ እችላለሁ» ብላዋለች። እንደውላለን ሲሏት፣ መቼ እንደሆነም ጠይቃለች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

ዓርብ
ስልኳ ዝም ብሏል። እኔ ይሠራ እንደሆነ ለማጣራት ሦስቴ ደወልኩላት። ስልኬን ልትቀማኝ ምንም አልቀራት።

ቅዳሜ
ደወሉ! ሰኞ ትጀምራለች።
ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ ሲመጡ፣ ስለ አሠልጣኝነቴ ተረክሁላቸው። ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ እስከ ማለት ደረስኩ። ሊዲያ ዓይን ዓይኔን እያየች፦
«አባባ፣ እርስዎ አግዘውኛል። ሥራውን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ።»
ሐጂ ተገርመው ጺማቸውን ያዙ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ ፈገግታዬን እንዳታይብኝ።