በእግር ስለተመረመረው ባምፐሬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት ፎቅ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን አያምዎትም? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም? ጠዋት ጫማ ውስጥ የገባው እግርዎ ማታ ያለ ችግር ይወጣል? በመስኮትዎ ሆነው ግቢውን ቁልቁል ሲቃኙ ከታች ሆኜ እንዳየሁት ፊትዎ ወዛም፣ አቋምዎ የተስተካከለ ነውና፣ ይህ ጤና ሳይሸራረፍና ሳይሰነጠቅ አብሮዎት እንዲያረጅ ከልቤ እመኛለሁ። ጤና ምን እንደሆነ በእኛ ቤት በደንብ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። እንደ እርስዎ የማስተዳድረው መሥሪያ ቤት ባይኖረኝም አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የታመመ ባል እና አንዲት ያረጀች ነጭ አውቶሞቢል አሉኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተቀምጬ አይደለም። ከነጋ ጀምሮ መቀመጥ እምቢ ብሎኝ አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ባለቤቴ አልጋ፣ አንዴ ወደ በሩ እየተመላለስኩ፣ በመካከሉ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ አንዳንድ መስመር እጨምራለሁ። ስለዚህ ነገሬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ይቅርታዎ አይለየኝ፤ መርገጥ በእርስዎም ቤት ነውር እንዳልሆነ ኋላ አስታውስዎታለሁ።

ባለቤቴ ድሮ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዛሬ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙ በመሣሪያ ይታጠባል። እጥበቱ ካመለጠው ውሃው ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፣ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ዓለም ይዞርበታል። የእኛ አሮጊት መኪና የፊት ወንበሯ እስከ ኋላ ድረስ ይዘረጋል። እሱ እዚያ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሞተሩ ድምፅ ብቻ እየተመራ፣ «ሁለተኛ አስገቢ! ኧረ ፍሬን! ምነው ሴትዮ፣ ሞተሩን ገደልሽው እኮ!» እያለ ይመለሳል። ይህ ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሚፈራው የእኔን ማርሽ አለዋወጥ ነው። ሲጮህብኝ ደስ ይለኛል። የምደነግጠው ዝም ሲል ነው።

ታዲያ ከዕለታት በአንዱ፣ እሱን ውስጥ አስገብቼ ስመለስ፣ በሐኪም ቤቱ መኪና ማቆሚያ አንድ ያልታወቀ ሰው የፊት ባምፐራችንን ገጭቶ ሄዷል። ፕላስቲክ ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ ፀሐይ አድርቆታል፤ ከመብራቱ ሥር እስከ ታች ተተርትሯል። እኔም ያው ሙያዬ ነውና መርፌ በእሳት አግዬ፣ ስንጥቁን ግራና ቀኝ በስቼ፣ በቀጭን ሽቦ ሰፋሁት። ያየ ሁሉ እጅሽ ይባረክ ብሎኛል። ባለቤቴ ብቻ «መጋረጃ አደረግሽው፤ መስቀያውስ የታል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ የዓመቱ ቦሎ ደረሰና ወደ ደጅዎ መጣሁ። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ መሪዋ ይታዘዛል፣ መብራቶቿ ይበራሉ፣ ጭሷም ከእኔ ምድጃ ያነሰ ነው ብለው መርማሪዎ በራሳቸው አንደበት ከመሰከሩ በኋላ፣ የሕዝቡን ሕይወት አደጋ ላይ የጣለው የእኔ ስፌት መሆኑን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። «የተሰፋ ባምፐር የሚባል ነገር አናውቅም» አሉኝ። አያውቁም ማለት የለም ማለት እንደሆነም ያን ዕለት ተማርኩ። ወዲያው የድሮውን ቦሎ ከመስታወቱ ላይ በምላጭ ፍቀው አነሱ፤ አዲሱን አልሰጡኝም። በምትኩ ያገኘሁት ጊዜያዊ ፈቃድ መኪናዋ ለምርመራ ወደ እርስዎ ግቢ እንድትመጣና ወደ ቤቷ እንድትመለስ ብቻ የሚፈቅድ ነው። ሐኪም ቤቱ፣ እንደሚያውቁት፣ በዚያው መንገድ ላይ ከግቢዎ አጥር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እንግዲህ መኪናዬ እስከ በርዎ ድረስ ሕጋዊ ናት፤ በርዎን ስታልፍ ወንጀለኛ ትሆናለች። እንዲህ ያለ ጥበብ በሌላ ቦታ አይገኝም። በነገራችን ላይ፣ ይህ ውሳኔ የተነገረኝ ክፍል የበሩ እጀታ በሽቦ የታሰረ ነው። አስተሳሰሩ ልል ስለሆነ ሲፈቅዱልኝ መጥቼ አጠብቅልዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ እግሬ እንዲፍታታ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። የእኔን ዓይነት መኪና መሥራት ከተዉ ቆይተዋል፤ አዲስ ባምፐር ከየትም አይመጣም። ስለዚህ አሮጌ መለዋወጫ የሚሸጥባቸውን ግቢዎች አንድ በአንድ አዳረስኩ። በመጨረሻ ገበያተኛው «አቶ የለም» የሚላቸው፣ ምን ቢጠየቁ መጀመሪያ «የለም» ብለው ከዚያ በኋላ መፈለግ የሚጀምሩ አዛውንት ዘንድ ደረስኩ። የለም አሉኝ። ከዚያ በበሮችና በኮፈኖች ክምር ውስጥ ገብተው ጠፉ፤ አቧራ ለብሰው ሲወጡ ትከሻቸው ላይ ባምፐሩ አለ። ልኩ ልክ፣ የማሰሪያ ጆሮዎቹ ያልተሰበሩ፣ ስንጥቅ የሚባል የማያውቀው! ደስታዬ ወደር አልነበረውም። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረበት፤ ቀይ ነው። የኔ መኪና ነጭ ናት።

ሰፈራችን ያለው የመኪና አካል ጠጋኝ ገጥሞልኝ መጣሁ። መርማሪዎ የመኪናዋን ሊብሬ አዩ፣ ባምፐሩን አዩ፣ ሊብሬውን ደግመው አዩና «ነጭ ነው የሚለው፣ ይሄ ቀይ ነው» አሉ። ዓይናቸው ደህና በመሆኑ ተደስቻለሁ። ወረፋው ግን ረዝሞ ስለነበር ያን ዕለት የባለቤቴ ተራ አለፈ፤ መሣሪያው ሌላ ሰው ይዟል፣ ሰው እየጠበቀ የሚቆም ዕቃ አይደለም። በማግስቱ በልመና ተራ ሲያገኝ ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን፣ አምላክ ያክብረውና፣ የዳቦ ማመላለሻውን አምጥቶ ከኋላ በሣጥኖቹ መካከል አስተኛልን። ባለቤቴ ሲወጣ ጀርባው ሁሉ ዱቄት ሆኖ «ትኩስ ነኝ፣ ሳልደርቅ ብሉኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ዞር ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። አሁን እንኳን ጽሕፈቱን ትቼ ባለቤቴን አይቼ ተመለስኩ። ተኝቷል መሰለኝ።

ባምፐሩን ነጭ አስቀባሁት። ቀለም ቀቢው ከመኪናዋ ጋር እስኪመሳሰል ሦስት ጊዜ ቀላቅሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ራቅ ብሎ እያየ የሠራው ሥራ ነበር። ይዤ መጣሁ። መርማሪዎ ዞረው አዩት፣ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በቃ ተገላገልኩ ስል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ባምፐሩን በጫማቸው ጫፍ መቱት። ቋ! አለ። ከመብራቱ ሥር ተሰነጠቀ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ስንጥቁን በጣታቸው ተከትለው ካዩ በኋላ፣ በእውነተኛ ሐዘን፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የተሰነጠቀ ነው» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ መጀመሪያ የእኔ ዕድል መስሎኝ ነበር። አጥሩ ሥር ቆሜ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ሳይ ግን ሥርዓት መሆኑን ተረዳሁ። ፍሬን በመሣሪያ ይመረመራል፣ ጭስ በመሣሪያ ይመረመራል፣ ባምፐር ግን በእግር ነው። ጠብቆ መታሰሩ የሚታወቀው ሲመታ ነው አሉ። አዲሶቹ ይችሉታል፤ አሮጌዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ከዚያም በመሰንጠቃቸው ይወድቃሉ። የግቢውን ጽዳት የምትሠራው ሴት የፕላስቲክ ስብርባሪውን ከአጥሩ ጥግ ስትከምር አግኝቻት «ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ?» ብላት፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ «እኔማ አበባ የሚረግፍ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የተባለችው የኔ መኪና ነበረች ለካ!

ቅሬታ የማሰማት መብት ስለሰጡኝም ላመስግን፤ ይህን አራተኛ ይበሉት። ቅሬታ የሚሰማው ከሰዓት በኋላ በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ነው። ወረፋዬ ደርሶ ቀና ስል እኒያው መርማሪ ናቸው፤ ሰማያዊ ቱታቸውን አውልቀው ኮት ለብሰዋል። ያን ዕለት ጠዋት ጭራሽ እንዳላዩኝ ሁሉ ጉዳዬን ከመጀመሪያው አስነገሩኝ። በትዕግሥት ሰሙኝ። እንዲያውም «እንዴት ያለ ሰው ነው እንዲህ ያደረገሽ?» ሊሉ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ውሳኔያቸውን ሰጡ፦ እግር ባምፐር አይሰነጥቅም፣ ሊሰነጠቅ የነበረውን ብቻ ይገልጣል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ኮት ተለብሶ ሲደረግ ያየሁት ግን የዚያን ዕለት ነው።

ደረጃዎን ወጥቼ ራስዎን ያነጋገርኩዎትን ምናልባት አያስታውሱም። ሰው ይበዛብዎታል። ባለቤቴ እንዴት እንደሆነ ነገርኩዎት፤ እርስዎም ሕግ ለሁሉም እኩል መሆኑን፣ ባምፐር ለመኪና ፊት ማለት መሆኑን፣ ጉዳዩ በኮሚቴ እስኪታይ መታገስ እንዳለብኝ በለሰለሰ ድምፅ መከሩኝ። ቤቴ ገብቼ ምክርዎን ለባለቤቴ ኩላሊቶች አስተላለፍኩ። ታገሱ፣ ኮሚቴ ሊቀመጥ ነው አልኳቸው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ፤ እነሱም እንደ እርስዎ ቢሮ ሥራ ማቆም እንጂ መጀመር አያውቁም።

ከእንግዲህ ቁጥሩን ተውኩት፤ መቁጠር የሚችል ልብ የለኝም። አሁን ያለንበትን ልንገርዎት። ዳቦ ጋጋሪው ማመላለሻውን ይዞ ለሥራ ርቆ ሄዷል። ትናንት የባለቤቴ እጥበት እንደገና አመለጠው። እግሩ ጫማ አልገባ ብሏል። ዛሬ ጠዋት ሱሪውም አልወጣ ስላለው ከጉልበቱ በታች ያለውን ስፌት በምላጭ ፈታሁለት፤ በዕድሜዬ ብዙ ስፌት ፈትቻለሁ፣ እንዲህ የከበደኝ ግን የለም። ሦስት ትራስ ካልተደገፈ መተንፈስ አይችልም። ሆን ብዬ «ዛሬ ንዳና ውሰደኝ ልበልህ ወይስ እኔ ልንዳ? ማርሹን እንደሆን እንደ ልማዴ አሰቃየዋለሁ» አልኩት፣ እንዲሳደብ ብዬ። ዝም አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው ዝም አለኝ! ፈርቻለሁ፤ በጣም ፈርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈውም ማንንም ለማሳቅ ብዬ አይደለም።

ነገ በጠዋት ተራ አለው። ባምፐሩን ዛሬ ፈትቼ አውርጄዋለሁ፤ በሌለ ነገር ላይ የሚያርፍ እግር የለምና መርማሪዎ እንዳይደክሙ ብዬ ነው። መኪናዬ ያለ ባምፐር፣ ያለ ቦሎ፣ ያለ ፈቃድ በርዎን ታልፋለች። ይህን አስቀድሜ በግልጽ የማሳውቅዎት ደንብ አክባሪ ዜጋ ስለሆንኩ ነው።

ስለ ጥንቃቄዎ፣ ስለ እኩል ሕግዎ፣ ስለ ለስላሳ ድምፅዎ፣ ከመስኮትዎ ስለማይጠፋው ንቁ ዓይንዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ ፕላስቲክ ሁሉ በእግር ተፈትኖ ሰው ግን አንድም ጊዜ «እንዴት ነህ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ ስላደረጉት ሥርዓት፣ ምስጋናዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ።

የግቢዎ ደንበኛ፣ የወረፋዎ ጌጥ፣ የማይታወቀው ስፌት ባለቤት፣
መጋረጃ ሰፊዋ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ እኛን ለማስቆም የትራፊክ ፖሊስ እንደሚያሰማሩ አልጠራጠርም፤ ሥራዎ ነው፣ አልቀየምዎትም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ እባክዎ ስንሄድ ሳይሆን ስንመለስ ያስቁሙን። ያን ጊዜ ለመከሰስም፣ ለመቀጣትም፣ እስኪመሽ በግቢዎ ለመቆምም በቂ ጊዜ ይኖረናል። የግድ ስንሄድ ካስቆሙን ግን መኪናዋን መልሰው እንዳይሰጡኝ። የምትዘረጋ ወንበር ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች?