ከስፖኪዮው ላይ የወረደችው ማርያም

ማክሰኞ

እኔ ሜሮን ታደሰ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ማታ ማርያምን ሰርቄያለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ እዚያ ድረስ አልደረስኩም። ከአባዬ ታክሲ ነው። በላስቲክ የታሸገች፣ መዳፍ የምታህል ሥዕል ናት፤ ስፖኪዮው ላይ ከመቁጠሪያ ጋር ስትወዛወዝ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን የሂሳብ መጽሐፌ ውስጥ ናት። እሱን ማንም አይከፍተውም፣ እኔን ጨምሮ።

ምክንያቴ ይኸው። እሁድ ከሽሮ ሜዳ ስንመለስ ጋቢና ነበርኩ። ቁልቁለቱ መሃል አባዬ ፍሬን ሲረግጥ እግሩ እስከ ታች ሰመጠ። ደግሞ ረገጠ፣ ምንም። በሦስተኛው ያዘ። ፊታችን ልጅ ያዘለች ሴትዮ ነበረች። የልጁ ቀይ ቆብ ላይ የተተረተረ ክር እስኪታየኝ ድረስ ቀርበናት ነበር። አባዬ ላቡን ጠርጎ ወደ ሥዕሏ ቀና አለና «አየሽ አይደል? እሷ አለች» አለኝ።

እኔ ያየሁት ልጁን ነው።

ማታ ረዳቱ ከድር ሲለምነው ሰማሁ። «ጋሼ፣ የፍሬኑ ሸራ እኮ አልቋል። እናስቀይረው።»

«ከልደታ በዓል በኋላ። አሁን ሥራ ነው። እስከዚያ እሷ ትይዘዋለች።»

አባዬ ያለ ፍሬን ይነዳል፣ ያለ ማርያም ግን አይነዳም። አንዴ ክሯ ተበጥሶ ቤት ስትቀር ከሜክሲኮ አደባባይ ተሳፋሪ አውርዶ ተመልሷል። ስለዚህ ማርያም ከሌለች ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ቁልቁለት የለም። እንዲህ እያሰብኩ ሂሳብ የምወድቀው ለምን እንደሆነ መምህሩን መጠየቅ ነው።

ረቡዕ

ታክሲው ቆመ። ድል!

አባዬ መቀመጫ ነቀለ፣ ምንጣፍ ገለበጠ። የተገኘው፦ አንድ ጆሮ ጌጥ፣ የደረቀ ሎሚ፣ ከድር አምና የጠፋበት መነጽር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አገጫቸውን ይዘው መጡ። «ታደሰ፣ እሷ እንዲሁ አትሄድም። ተቀይማህ ነው» አሉ። እትዬ ዘነበች የሰማዩን ሁሉ ያውቃሉ፤ ያቃታቸው የስልካቸውን ድምፅ መቀነስ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይል ነበር። ከዚያ አባዬ ወደ ከድር ዞረና «አንተ አላነሳሃትም?» አለው።

«እኔ ምን ላደርጋት ጋሼ?» አለ ከድር። መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

ክፍሌ ገብቼ «ድንግል ሆይ፣ ጥፋተኛ ከሆንኩ ምልክት ስጪኝ» አልኩ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ክው አልኩ። ኋላ ረቡዕ ረቡዕ ሁሌም እንደሚጠፋ ትዝ አለኝ።

«ሌላ ምልክት» አልኩ።

ሐሙስ

አባዬ ታክሲውን ጸበል ይርጩልኝ ብሎ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደ ሰንበትን ጠራ። አባ ደክሟቸው ጋቢና ቁጭ አሉ። አባዬ የእሁዱን እንደ ተአምር ተረከላቸው። በእሱ አተራረክ ሴትዮዋ ሁለት ሆናለች።

«ፍሬኑስ?» አሉ አባ።

«እ?»

«ተሠራ ወይ?»

አባዬ ሳቀ። «አባ፣ እኔ እኮ እምነት አለኝ።»

አባ የጸበሉን ጠርሙስ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ሰይጣን ጌታን መቅደሱ ጫፍ ላይ አውጥቶ ‹ዝለል፣ መላእክት ይቀበሉሃል› ሲለው ዘለለ?»

«አልዘለለም።»

«እምነት አንሶት ነው?»

እኔ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «አባ፣ ታዲያ በምን ወረደ?»

«እኔ እንጃ፣ በደረጃ ይሆናላ።»

ከድር ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ ብሎ ሳቀ። አባ አልሳቁም። «ታደሰ፣ ፍሬንህን አሠርተህ፣ ዐይንህን ከፍተህ እየነዳህ ካቅምህ በላይ ሲመጣብህ ‹እመ ብርሃን ድረሽልኝ› ብትል፣ ይህ መታመን ነው። ሸራው ማለቁን እያወቅህ ቁልቁለት ገብተህ ‹እስቲ ትያዘኝ› ካልክ ግን እየተፈታተንክ ነው። እሷን ሳይሆን ልጇን።»

አባዬ መስቀል ተሳልሞ «ገባኝ አባ» አለ። አባዬ ሁሉም ነገር ይገባዋል።

ጃንጥላቸውን ይዤ ስሸኛቸው አንዲት ምልክት የምትጠይቅ «ጓደኛ» እንዳለችኝ ነገርኳቸው።

«ምልክቱ ባይመጣላትስ?»

«ሌላ ትጠይቃለች።»

«የምትወደው እስኪመጣላት? ትክክል መሆኑን የምታውቀውን ለመሥራት ምልክት እንደማያሻት ንገሪያት።»

ጓደኛዬ ምሳው አልወርድ አላት።

ዓርብ

አባዬ ከልደታ ማርያም በር አዲስ ሥዕል ገዝቶ መጣ። ትልቅ፣ ዙሪያዋን አምፖል ያላት። «ነገ ሥራ ነን» አለ። «ገባኝ» ያለው ይሄን ኖሯል።

ዕቅዴ አበቃ። ቁልፉን ልደብቅ? ጎማውን ላስተንፍስ? ነገ ጋቢና ገብቼ «እኔንም ይዘኸኝ ውረድ» ልበለው? የመጨረሻው ጀግንነት መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ሳስበው እሱም ያው መዝለል ነው፣ ልዩነቱ ከአባዬ ጋር ተያይዞ መሆኑ ብቻ።

አንድ ያልሞከርኩት ነገር አለ። «አባዬ፣ ፈርቻለሁ» ማለት። ሳምንቱን ሙሉ ስሰርቅና ምልክት ስለምን ይሄ አልታየኝም።

እራት ላይ አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ሜሪ፣ ያ ሕፃን… ቆቡ ቀይ ነበር አይደል?»

«ቀይ ነበር።»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ተነስቶ እጁን ታጠበ። እኔም ያሰብኩትን ሳልናገር ቀረሁ። ነገ ጠዋት።

ቅዳሜ

የምጽፈው ጋቢና ቁጭ ብዬ ነው። አሮጌዋን ማርያም ቦታዋ መልሼ ሰቀልኳት፣ ከባለ አምፖሏ ጎን። ሁለቱም ወደ እኔ እያዩ ነው። የምለው ተዘጋጅቷል፦ የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ ከድር ምንም አላደረገም፣ ፈርቻለሁ። ምልክት አልጠየቅኩም።

የግቢው በር ተከፈተ። ከድር ነው። ክሪክ ተሸክሟል። ጎማ ሳይተነፍስ ክሪክ ምን ያደርጋል? ከኋላው አባዬ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። ጋዜጣው ጥጉ ላይ ተቀዷል።

ሸራ ነው። አዲስ የፍሬን ሸራ።

እንግዲህ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ከድር ዛሬም አባዬን ቀና ብሎ አላየውም። ስለዚህ እናገራለሁ። ትንሽ ትንፋሽ ልሰብስብና…

አባዬ ቆመ። በፊት መስታወቱ ወደ ስፖኪዮው እያየ ነው። አንዷን አየ። ሁለተኛዋን አየ። አሁን ወደ እኔ ዞረ።

«ሜሮን!»