ለኢንስፔክተሯ ያነጠፍኩት ስጋጃ

ሰኞ፣ ጁላይ 14። ቀትር

ሦስቱም ተኙ። አልሃምዱሊላህ። ሊዮ አንድ እግሩን ከፍራሹ አውጥቶ፣ አሚር አውራ ጣቱን እንደጎረሰ፣ ሲምራን ወደ ግድግዳው ዞራ። ምሳ ፓስታ ነበር፤ ግማሹን ወለሉ በላው። ጠረግኩ። የአሚርን ናፒ ቀይሬ አሮጌውን ጣልኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ፤ እንደቀዘቀዘ ጠጣሁት።

ለምሠራበት ድርጅት በእንግሊዝኛ የምጽፈው ሌላ ደብተር አለ። እዚያ ላይ ጨዋ ነኝ። አንቺ ላይ ግን እንደ አፌ ነው የምጽፈው፤ ቻይው።

ዜና፦ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው። ሰው ዘሀራ ቤቷ ቁጭ ብላ ልጅ ትጠብቃለች ብሎ ያቀለዋል። መንግሥት ግን ፋሚሊ ደይ ኬር ብሎ ስም ሰጥቶ እንደ ትምህርት ቤት ይፈትሸዋል። ከድርጅታችን ሴቶች ቤት የሚታየው የጥቂቶቹ ነው፤ በነሱ ነው የሁላችን ደረጃ የሚወጣው። የኔ ቤት ተመረጠ። ያ ረቢ፣ ከዚያ ሁሉ ቤት የኔ! ባለፈው ዝቅ ያለ ነው ያገኘነው። ዘንድሮም ከደገመን ድርጅቱ ይዘጋል ይላሉ። ከተዘጋ እኔ ተመልሼ ዌርሃውስ፣ ካርቶን ማንሳት። ልጆቹም በየፊናቸው።

ሊዮስ የትም ይኖራል። የፈረንጅ ልጅ ነው፣ አጥር ላይ ቢያስቀምጡትም ያወራል። አሚር የወገን ልጅ ነው፤ ገና በዳዴ ነው፣ እናቱ የሚይዝላት ዘመድ አታጣም። ያስጨነቀችኝ ሲምራን ናት። የህንድ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ ነርስ። ከኔ በፊት ሌላ ቦታ ሞክረው አልቀመጥ ብላቸው ወስደዋታል። እኔ ጋ ተቀመጠች፤ ግን አትናገርም። ቤቷ ስታወራ አፏ አይዘጋም አለችኝ እናቷ። እኔ ጋ አንድ ቃል የለም። ስትነቃ እንኳን አታለቅስም፣ አትጣራም። ፍራሿ ላይ ቁጭ ብላ እስካያት ትጠብቃለች። ለዚህ ነው ሁልጊዜ በበሩ የማጮልቀው።

ሄጄ አየኋት። ተኝታለች። እሷንስ ማን ያጮልቅላታል?

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

እትዬ ንግሥት መጡ፤ ኮኦርዲኔተራችን። ከአስኮት ቬል እስከ ትሩጋኒና፣ በዚያ ዝናብ። እሳቸው ሜልበርን ሲገቡ እኔ ደሴ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የዚህን አገር ሕግ ከነውስጡ ያውቁታል። (ከአሁን በኋላ እ/ን እላቸዋለሁ፤ እጄ ደክሟል፣ ይቅር ይበሉኝ።) ቤቱን እንደ ኢንስፔክተር ዞሩት። መሳቢያ ከፈቱ። የበሩን ማጠፊያ ነኩ። አጎንብሰው ሶፋ ሥር አዩ፣ በዚያ ወገባቸው። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው እያሉ ስጋጃው ላይ ደረሱ።

እናቴ ከደሴ የላከችልኝ ቀዩ ስጋጃ ነው። ሳሎኑን ሳሎን ያደረገው እሱ ነው። ጠርዙ ቀና ብሏል፣ ሰው ይጥላል፣ ዛሬውኑ ይነሳ አሉ። ለእንግዳ ባዶ ወለል እንዴት ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ። አንቺ ወሎዬ፣ ሴትዮዋ የምትመጣው ለሠርግ አይደለም አሉኝ። ሳቅኩ፣ ግን ከፋኝ። ባሌ ሰይድ ከሥራ ሲገባ ጠቅልሎ ጋራዥ ያስገባዋል።

ሁለተኛው ባሰ። እ/ን እያዩ ሊዮ ከወንበር ወደቀ። እኔ እንደ ልማዴ እኔን! እኔን ይድፋኝ! ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ እኔ ሳልደርስ ቆሟል። እ/ን ግን አፌን ነው ያዩት። ሥልጠናው እንደዚህ አይደለም አሉ። ረጋ በይ፣ የሆነውን ንገሪው፣ ልጁን የሚያስደነግጠው መውደቁ ሳይሆን ያንቺ ጩኸት ነው። እውነታቸውን ነው። እሺ አልኩ፣ ከልቤ ነው እሺ ያልኩት። ሊወጡ ሲሉ በረንዳው አዳለጣቸው። እኔን! አልኩ። ዞር ብለው አዩኝ። ምን ላድርግ፣ አስቤ አይደለም የምለው!

ዓርብ፣ ጁላይ 18። ከሰዓት

አፌን እየጠበቅኩ ነው። ሊዮ ዛሬ ሲወድቅ ዋለ፣ ሆን ብሎ ይመስላል። ወደቅክ፣ ጉልበትህን መታህ፣ አየሁ፣ እለዋለሁ በእንግሊዝኛ። እንደ ፖሊስ! ቀና ብሎ ያየኛል፣ ይጠብቃል። የለመደውን አጣ። አንጀቴን በላኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ጓሮ ወጣን። አጥሩ ላይ ቀንድ አውጣ አለ። ሲምራን ናት ያየችው። ቁጢጥ አለች። ሊዮ ሊጨብጠው ሲል እጁን ያዘችው፣ ያለ ቃል፣ ቀስ ብላ። አሚር በጭቃው ውስጥ በዳዴ ደረሰ (ልብሱን አትጠይቂኝ)። ሦስቱ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ያያሉ። እንስሳው ቀንዱን ብቅ ሲያደርግ ሦስቱም አንድ ላይ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ሱብሃነላህ! እኔ ይህን ዕድሜ ኖሬ ቀንድ አውጣ አይቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ገና አየሁ።

ከዚያ ሲምራን ቅጠል ፈልጋ መጣች። ቀስ አድርጋ አለበሰችው፤ እንዳይበርደው መሆኑ ነው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፣ አየችው፣ ተመልሳ ቅጠሉን አስተካከለች። ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኳትም። ቆሜ ቀረሁ። የታጠበውን ልብስ ማስገባት ረስቼ እንደገና ዘነበበት። ይዝነብበት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22። ጠዋት

ዛሬ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። መድኃኒት ከላይ፣ ቢላ ተቆልፎ፣ በር ተዘግቶ። ወለሉ ግን ባዶ። ዕቃው የወጣ ቤት ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ ሰው ያለውን ያነጥፋል እንጂ ያነሳል?

ጋራዥ ሄድኩ። ሰይድ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል አየኝ። ተይ አለኝ፣ እ/ን ምን አሉሽ? አንተ ሂድ፣ አርፍደሃል አልኩት። ስጋጃውን ሳሎን መልሼ አነጠፍኩና ጠርዙን በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደረግኩት። ተኛልኝ። አማረ! ወላሂ ቤቱ ሳቀ። እናቴ የገባች መሰለኝ።

ልጆቹ መጥተዋል። ሲምራን ስጋጃውን በመዳፏ እየደባበሰች ነው። ቢስሚላህ። መኪና ቆመ። በሩን ልክፈት።

ያው ቀን፣ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ

ወደቀች። ይኸው ጻፍኩት። ኢንስፔክተሯ ወደቀች። ስጋጃዬ ላይ።

ተረጋግቼ ልጻፍ። ዲያን ትባላለች። ረጅም፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። ሳልጠይቃት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ወዲያው ወደድኳት። እ/ን አብረዋት ገቡ። ስጋጃውን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። ሰው ፊት ምን ይላሉ? ዲያን ጥግ ይዛ ልጆቹን ታያለች፣ ትጽፋለች። አንዳንዴ ይህን ለምን አደረግሽ ትለኛለች። እመልሳለሁ። እንግሊዝኛዬም ዛሬ አላሳፈረኝም። ደህና እየሄደ ነው እያልኩ ነበር፣ በልቤ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የልጆቹን ሥዕል ልታይ ተነሳች። ካልሲዋ ጠርዙን ያዘ። እንዳለች በጉልበቷ ዱብ። ብዕሯ ወዲያ፣ መነጽሯ ወዲህ።

እኔ አፌን ያዝኩ። የምሬን ነው፣ በእጄ። እኔን ልል ነበር፣ ዋጥኩት። እንደ ሥልጠናው አር ዩ ኦኬ ልል ስል እሱም ጠፋኝ። ተገትሬ ቀረሁ። ድርጅቱ፣ ሴቶቹ፣ ዌርሃውሱ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ሄደ።

እኔን! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን። እ/ን መሰሉኝ። ዞር አልኩ፤ እሳቸውም እንደኔ ደርቀዋል።

ሲምራን ናት።

ከጥጓ ተነስታ ደርሳለች። ሁለት እጇን የሴትዮዋ ጉልበት ላይ አድርጋ እኔን፣ እኔን ትላለች። ልክ እንደኔ። ቅንድቧን ሳይቀር እንደኔ ሰብስባ። ሊዮ ከኋላ መጥቶ አብሽር፣ ማይት (ወዳጄ ማለቱ ነው) እያለ ትከሻዋን ይመታል። ለሴት አብሽሪ ነው፤ ማን ያርመው። አሚር በዳዴ መነጽሯን ይዞላት ይመጣል፤ ግማሹ አፉ ውስጥ ነው።

ድምጿ! ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት ድምፅ። ውሃ ሳትል፣ እንቢ ሳትል፣ እኔ ቤት ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ። ለማታውቃት ሴት።

ዲያን ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ምን እያለችኝ ነው ብላ ጠየቀች። ምን ብዬ ልተርጉም? ባንቺ ላይ የደረሰው በኔ ላይ ይሁን ማለት ነው፣ እኛ ሰው ሲወድቅ እንደዚህ ነው የምንለው አልኳት። በእንግሊዝኛ ሳወጣው ለራሴ ከበደኝ። ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩት ይህንን ነው? ለወደቀ ሁሉ፣ ገበያ መሃል፣ አውቶቡስ ውስጥ?

ሴትዮዋ ሲምራንን አየቻት፣ ብዙ አየቻት። ከዚያ አስተማርሻቸው ወይ አለችኝ። አላስተማርኩም፣ እንዲያውም ልተወው እየሞከርኩ ነበር አልኩ። እ/ን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ቀጥሎ ተነሳች። ጠርዙን በእግሯ ነካ አደረገች። ጻፈች። እሱንም አየሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

ልቤ ወርዷል። ትናንት የልጅቷ ድምፅ አስክሮኝ ነው እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። ልትመረምረኝ የመጣች ሰው ቤቴ ውስጥ ወደቀች። ተይ ተብዬ። እ/ን ደውለው ተቆጡኝ፣ በደንብ አድርገው። የስንት ሴት እንጀራ ነው ያነጠፍሽበት አሉኝ። መጨረሻ ላይ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። እኔም ልለው ነበር፣ ልጅቷ ቀደመችኝ አሉና ዘጉት።

ሰይድ ዌርሃውሱ ውስጥ የጠዋት ሺፍት ተከፍቷል አለ፣ እሱ ፎርክሊፍት የሚነዳበት። አሁኑኑ አፕላይ አድርጊ። ልብሽን እያወቅኩ ነው የምልሽ አለኝ። ውጤቱ ይምጣ አልኩት።

ሲምራን ዛሬ ዝም። ሌላ ቃል የለም። ስትነቃም እንደ ድሮዋ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ምናልባት አንዴ ብቻ ነው የተሰጠኝ። እሱም ይበቃኛል ልል ሞከርኩ። አልበቃኝም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21

እ/ን ደወሉ። ሄሎ ሳልል እልልታ! ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ኤክሲዲንግ! ከሚጠበቀው በላይ ማለት ነው፤ ኢንስፔክተሮቹ መጥተው አይተው ከሚሰጡት የመጨረሻው ትልቁ። ድርጅቱ አይዘጋም። ማንም አይበተንም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሊዮ አብሽር አለኝ፣ ብስኩቱን ሰጠኝ፣ መልሶ ወሰደው።

ሪፖርቱን አነበቡልኝ። ስለኔ ቤት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጓሮው፣ ስለ ምሳው። ስጋጃውም አልቀረም፣ አደጋ ነው ይነሳ ይላል። ሐቋ ነው። ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ ግን እ/ን ራሳቸው ዘገየት አሉ። በዚህ ቤት ያሉ ሕፃናት የሌላ ሰው ሕመም ሲያዩ ሳይነገራቸው ይነሳሉ፣ ገና መናገር የጀመሩትም ሳይቀሩ፣ ይህም ከምትንከባከባቸው ሴት የወሰዱት ነው ይላል። ደግመው ያንብቡልኝ አልኳቸው። ደገሙልኝ።

ደስታ ብቻ አይደለም የተሰማኝ። ፈራሁ። ሰላት ላይ ስቆም አንዳንዴ የሚመጣብኝ ዓይነት ፍርሃት። እኔ ስጋጃ ሳነሳ ስጥል፣ መሳቢያ ስቆልፍ፣ እነዚህ ልጆች ተቀምጠው እኔን ራሴን ሲያነሱ ነበር። ያልሰጠኋቸውን፣ እንዳለኝም የማላውቀውን። አላህ እንዲህ ያለ ነገር ፓስታ የሚበትን ሰው ውስጥ ያስቀምጣል! ከእንግዲህ ፊታቸው ስቆጣ፣ ስልክ ላይ ሰው ሳማ፣ ምን እንደምሆን እንጃ።

ዓርብ፣ ኦገስት 22። ቀትር

ሦስቱም ተኙ። ሻዬ ዛሬ ትኩስ ነው።

ሰይድን ነገርኩት፤ ዌርሃውስ አልሄድም፣ ሺፍቱን ለሌላ ሰው ይስጡት። እኔ መቼ ሂጂ አልኩሽ አለ። ወንድ! ስጋጃው መኝታ ቤታችን ገባ። እዚያ እሱ ይውደቅበት።

እ/ን ለሌሎቹ ሴቶች አንድ ቀን ንግግር አድርጊላቸው ብለውኛል። ምን ብዬ? እንዴት አደረግሽው ሲሉኝ አላውቅም ልበል? እሺ ብያለሁ ግን። እሳቸውን እንቢ ማን ይላል።

አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ። ረጋ ማለቱን እማራለሁ፣ ሥልጠናው ልክ ነው፤ ጩኸቴን እቀንሳለሁ። እኔን ማለቴን ግን አልተውም፣ ማንም ቢመጣ፣ ኢንስፔክተርም

ቆይ። ድምፅ።

ሊዮ አይደለም። አሚርም አይደለም፤ እሱ ሲነቃ ያለቅሳል እንጂ አይጣራም።

ዘሀራ ይላል። ቀስ ብሎ። አሁንም፣ ዘሀራ። ሲምራን ናት፣ እስካያት አልጠበቀችም። ስሜን ታውቀዋለች ለካ! መጣሁ፣ የኔ እናት፣ መጣ