የሼህ ሀሚዱ ፊል በየት ወጣ?

ጥቅምት 8
ሱቅ ከፈትኩ። ሁለት ስልክ ጠገንኩ፤ አንዱን አባስኩት። ከሰዓት ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ወደ አርዲቦ፣ ላገባት ያሰብኳትን የሀያን አባት ጋሽ ኑርዬን ሰላም ልል። ሽማግሌ ልኬ መልስ እየጠበቅኩ ነውና መንገዱን ሙሉ ሰላምታ ስለማመድ ነበር።

ሳሎናቸው ውስጥ ቼዝ እንደተዘረጋ አለ። ስድስት ዓመት አልተነካም። ጋሽ ኑርዬ ከአባታቸው ከሼህ ሀሚዱ ጋር ሲጫወቱ ለዐስር ሰላት ተነሱ፤ ሼሁ በዚያው ታመው ቀሩ፣ አላህ ይዘንላቸው።

"ተራው የማን እንደነበር ጠፋኝ" አሉኝ። "አንተ ሪያድ ሳለህ እንዲህ ያለ ነገር ስትፈታ ነው የኖርከው አሉ። እስቲ ድረስልኝ፤ ከዚያ ስለ ሀያ እናወራለን።"

እውነት ነው፣ የሪያድ የዘበኝነት ዘመኔ ያለቀው በዚህ ነው። የቆመ ጨዋታ አይቶ በየት በየት እዚህ እንደደረሰ ወደኋላ መፈለግ… ፎቶ አንስቼ መጣሁ። ይቺማ ቀላል ናት።

ጥቅምት 9
ቀላል አይደለችም። የሼሁ ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ ሜዳ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ፊል የሚሄደው በሰያፍ ነው፤ መውጫው ላይ የቆሙት ሁለት ወታደሮች ግን ከተደረደሩበት ንቅንቅ አላሉም። ታዲያ በየት ወጣ? ወታደር እስከ ወዲያኛው ጫፍ ተሻግሮ ፊል ሆኖ ይሆን? እሱም አይደል፤ ስምንቱም ወታደሮች አሉ።

ጥቅምት 11
ደግሜ ቆጠርኩ። አይሆንም።

ጥቅምት 12
ምነው አፌን በቆረጠው።
"ጋሼ፣ ይሄ ጨዋታ ሊሆን አይችልም።"
"ማለት?"
"ፊሉን ሰው በእጁ አንስቶ ካላስቀመጠው…"
"አባቴ ሌባ ነው እያልከኝ ነው?"
ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ነው የወጣሁት።

ጥቅምት 13
ከላክኋቸው ሽማግሌዎች ትልቁ፣ ጋሽ አራጋው፣ ሱቅ መጡ። "በእንጨት ቁራጭ ሚስት ያጣ ካንተ ሌላ አላየሁም" ብለውኝ ሄዱ።

ሀያም ደወለች። "ተሳስቻለሁ በላቸው።"
"አልተሳሳትኩማ።"
"ልታገባ የፈለግከው እኔን ነው ፊሉን?"
ለመመለስ ትንሽ ዘገየሁ። ያናደዳት እሱ ነው።

ጥቅምት 15
ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ልቤ ግን አሁንም አይሆንም ይላል… ጋሽ ኑርዬ አላናገሩኝም። ሌላ ሰሌዳ አምጥተው፣ የጎደለውን በለስላሳ ቆርኪ ሞልተው ደረደሩ። "ተቀመጥ። መጫወቱን እንደምትችል ልይህ።"

ሦስተኛው ተራ ላይ ፊላቸውን አንስተው በወታደራቸው ላይ አዘለሉት።
"ጋሼ… ምን አደረጉ?"
"ምን አደረግኩ?"
"ፊል ዘለለ።"
"ታዲያ ዝሆን አሳልፈኝ ብሎ ወታደር ይለምናል እንዴ? አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ፣ እሱንም አባቱ። ከሱ ሌላ ከማንም ጋር ተጫውቼ አላውቅ።"

የድሮው የሀገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ ነው… ሁለት ቤት በሰያፍ፣ ከፊት የቆመውን ተሻግሮ። እኔ አንድ ሰው ሳልጠይቅ የሞቱ ሼህን ሌባ ያደረግኩ፣ ምን ዓይነት ጅል ነኝ? አፈርኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል "ቀስ፣ ቆርኪውን እንዳትበትነው" አሉ።

ጥቅምት 16
እንደገና ከመጀመሪያው፣ በእሳቸው ሕግ። ፊሉ በሁለት ዝላይ ደረሰ። የተራውም ነገር ተፈታ። ጋሽ ኑርዬ የቀራቸው ንጉሥ፣ አንድ ግንብና ሁለት ወታደር ብቻ ነው። ንጉሡ ጥግ ላይ፣ ከጎኑ ግንቡ፣ ከፊታቸው ጭራሽ ያልተነሱት ወታደሮች፣ ከግንቡ ማዶ ደግሞ የሼሁ ፈረስ። ታፍነዋል። አንዳቸውም አሁን ገና ከሌላ ቤት መጣሁ ሊሉ አይችሉም። ስለዚህ በመጨረሻ የተጫወቱት ሼሁ ናቸው።

ጥቅምት 17
ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ ተራው የእርስዎ ነው።"

ወደ ሰሌዳው ጠጋ አሉ። "እኔኮ የሱ ሳይሆን አይቀርም እል ነበር… ስድስት ዓመት ሙሉ አባቴን አስጠበቅኩት?"

ቢስሚላህ አሉና በግንቡ ፈረሱን በሉት። ከዚያ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሳቁ።

"በል፣ አሁን ተራው የሱ ነው። ከእንግዲህ እሱ ይጨነቅበት።"

እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ሽማግሌዎችህ እሁድ ይምጡ ብለውኛል።