የአደራ ባቄላ

ውድ እናቴ፣

የአክስቴ የብርቅነሽ ወገብ እንዴት ሆነ? መልሱን በስልክ እንዳትነግሪኝ። ስልክ ላይ የመጀመሪያውን መልሼ ሳልጨርስ ሌላ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም ጭንቅ ሲለኝ «ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ። ፖስታውን የሚያደርስልሽ ጀቤሳ ነው፣ ጌዶ ድረስ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን። ውስጡ የሚንኮሻኮሸው ባቄላ ነው። ያንቺው ባቄላ ነው፤ ለምን እንደመለስኩት እስክነግርሽ ድረስ እንዳትቆጪ።

ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ከማሽኑ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ማሽኑ ስመላለስ አሠሪዬ «ወለሉን ልትጨርስብኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ አላውቅም። እንዲህ ያደረገኝ የእሑዱ ስብሰባ ነው።

በስልክ በደንብ ስላላስረዳሁሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስለ ኦቲዝም የሚያጠኑት ሰዎች ዘንድሮ አስቀድመው እኛን ሊጠይቁ መጡ። እስከ ዛሬ አጥኚ የሚባል ሰው የሚጠይቀውን ወስኖ ነበር የሚመጣው፤ የእኛ ድርሻ መመለስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ምን ይጠና የሚለውን የምንመርጠው ቤተሰቦችና ኦቲዝም ያለብን ሰዎች ነን። ከእጃጂም ከጌዶም ከአምቦም የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በየጣሳው ላይ ተለጥፈዋል። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ባቄላ ይሰጠዋል፤ ይጠናልኝ የሚለው ጥያቄ ጣሳ ውስጥ ይጨምረዋል። ብዙ ባቄላ ያገኘ ጥያቄ ይቀድማል። መምጣት ያልቻለ ሰው ዘመዱን ይወክላል። አንቺም «የኔን፣ ከምን ይመጣል የሚለው ላይ አድርግልኝ» ብለሽ እኔን ወከልሽ።

አልነገርኩሽም እንጂ ከፋኝ። «ከምን መጣ» ሲባል ለእኔ የሚሰማኝ «ምነው ባልመጣ» ነው። ባይመጣ ኖሮ ደግሞ ዛሬ ልጅሽ የሚሆነው ሌላ ሰው ነበር። ግን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አይደል የምትይው? ስብሰባው ላይ ሲሰጡኝ ያንቺን ባቄላ በግራ ኪሴ፣ የእኔን በቀኝ ኪሴ ለየሁት።

የእኔን ጥያቄ ታውቂዋለሽ። ሐኪም ቤት በግድ ተይዘን ሳይሆን በደህና እንዴት እንታከማለን የሚለው ነው። ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ ወንዶች ተጠርተው እጅና እግሬን ሲይዙኝ፣ አንቺ ደጅ ቆመሽ ስታለቅሺ ይሰማኝ ነበር። ያስጮኸኝ መርፌው አልነበረም። ዓይኔ ላይ የተደቀነው መብራትና ሳይነግረኝ የሚነካኝ እጅ ነው። መብራቱን ዞር ቢያደርጉልኝና ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አስቀድመው ቢነግሩኝ አፌን ራሴ እከፍትላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ደርሼ አላውቅም። ሆዴን ቆረጥ ባደረገኝ ቁጥር የባሰ ቢመጣ ምን እሆናለሁ እያልኩ እፈራለሁ።

ስብሰባው በምርቃት ተጀመረ። የእድራችንን ሰብሳቢ ኦቦ ሌንጂሳን ነበር የጠሯቸው። መረቁን፣ አሜን አልን። ባቄላው ሲታደል ታዲያ ሰዉ ሁሉ «ኦቦ፣ እርስዎ ይጀምሩልን» አላቸውና ለእሳቸውም ተሰፈረላቸው። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ቢፍቱ፣ በዕድሜ እኔን ብታህል ነው፣ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። የተነሣ ሽማግሌ ማን ያስቀምጣል? ኦቦ ሌንጂሳ ቀስ ብለው ሄደው ባቄላቸውን «ከምን ይመጣል» የሚለው ጣሳ ውስጥ ጨመሩ።

ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ ሰዉ ተሰልፎ ተከተላቸው። ሽማግሌ ከመረጡት ሌላ መምረጥ ድፍረት መሰለው። ከጊንጪ የመጡት አዴ ጉዴ እንኳ፣ ልጃቸው ከቤት እየወጣች ጭልሞ ጫካ ውስጥ የምትጠፋባቸው ሴትዮ፣ «ልጅ እንዳይጠፋ ምን ይደረግ» የሚለውን ጣሳ ቆም ብለው አዩትና አለፉት። ባቄላቸውን ኦቦ ሌንጂሳ የጨመሩበት ላይ ደፉ። ያ ጣሳ ሞልቶ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ሌሎቹ ባዷቸውን ቀሩ። ከሰልፉ ያፈነገጠ አንድ አባት ብቻ ነበር፤ እሱም ቆሎ መስሎት ድምፁን አፉ ውስጥ ከተተው። ጥሬ መሆኑን ያወቀው ሲነክሰው ነው።

እኔ ተነሣሁ። ሽማግሌ ፊት ስትናገር ረጋ በል እንዳልሽኝ አውቃለሁ። አልረጋሁም።

«ኦቦ ሌንጂሳ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለዎት?»

«የለኝም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ባቄላው ለምን ተሰጠዎት?»

አንዱ ከኋላዬ ጃኬቴን ጎተተ፣ ሌላው «ይቅርታ ያድርጉለት ኦቦ፣ እሱ እኮ እንዲህ ነው» አላቸው። ይህን «እሱ እኮ» የሚሉትን ነገር እንዴት እንደምጠላው። እኔን ሊሰሙ በጠሩት ስብሰባ ላይ እኔ ስናገር ይቅርታ ይጠየቅልኛል። ጣቶቼን ማፍተልተል ጀመርኩ፣ ጆሮዬ ጮኸ። በሩን እያየሁ ሳለ ኦቦ ሌንጂሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ዹጋዻ፤ እውነቱን ነው» አሉ። «ለክብር ብትሰጡኝ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። የችግሩ ባለቤት እናንተ ናችሁ። ጣሳውን ገልብጡና ለየሰዉ መልሱ።»

ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ፣ ማንም ሰው ዓይናቸውን እያየ እንዳይመርጥ። እኚህን ሰው ያን ቀን ወደድኳቸው።

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የተነሡት አዴ ጉዴ ነበሩ። በቀጥታ ሄደው የልጅ መጥፋት ጣሳ ውስጥ አንድ ሳያስቀሩ አፈሰሱት። «ከምን ይመጣል» የሚለውም ባዶውን አልቀረም፣ ከልባቸው የሚፈልጉት ሰዎች ጨመሩበት። እኔም የቀኝ ኪሴን ባዶ አደረግሁ። ያንቺ ተራ ሲደርስ እጄን በግራ ኪሴ ከትቼ ጣሳው ፊት ቆምኩ። ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ያልሽው ትዝ አለኝ፤ «ያን ቀን ሁሉቃን በቀትር ባልሻገር ኖሮ…» ብለሽ ሳትጨርሺ ተውሽው። እርጉዝ ሆነሽ በቀትር ወንዝ ስለተሻገርሽ ልክፍት አገኘው እያሉ ጎረቤቶች ያወሩትን ይዘሽው ኖርሽ። በዚያ የተነሣ ያልዞርነው ጠበል የለም።

ባቄላውን ከመጨመሬ በፊት ዶክተር ቢፍቱን ጠራኋትና እናቴ ወንዝ ስለተሻገረች ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሰው ይሰማል ብዬ አላፈርኩም። እሷም አልሳቀችም።

«ከምን እንደሚመጣ ሁሉንም አናውቅም» አለችኝ። «እናት ወንዝ ስለተሻገረች እንዳልሆነ ግን እናውቃለን። ለዚህ አዲስ ጥናት አያስፈልገንም። ዛሬውኑ ንገራቸው።»

ያኔ ገባኝ። ያንቺ ጥያቄ ስለ እኔ አልነበረም። «እኔ ነኝ ወይ ያጠፋሁት?» ነው ስትዪ የኖርሽው። እኔ የተከሰስኩ መስሎኝ ሳኮርፍሽ፣ ለካ ራስሽን ነበር የምትከሺው።

እንግዲህ ጥያቄሽ መልስ ካገኘ ባቄላሽ ሥራ ፈታ ማለት ነው። የእኔ ጣሳ እዚያው አጠገቤ ነበር፣ እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር የቀረኝ። አንቺም ብትሰሚ «ደግ አደረግህ» ትዪኝ ነበር። ነገር ግን «እሱ ቢጠየቅ እንዲህ ይል ነበር» እያሉ ሰዎች ሲወስኑልኝ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ አይተሻል። ያንን በአንቺ ላይ አላደርገውም። ባቄላሽን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩት ወጣሁ።

የመጨረሻው ስብሰባ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ጊንጪ ላይ ነው። ባቄላው ሲቆጠር የሐኪም ቤቱ ጣሳና «ትምህርት ቤት እንዴት ይቀበለን» የሚለው ጣሳ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም፣ አንዱ ግን ከሚጠኑት ውስጥ መቅረቱ ነው። ያልተጨመረ ባቄላ እዚያ ይጨመራል ብለውኛል። የእኔን ምረጪልኝ ብዬ አልለምንሽም። እንድትመርጪልኝ ግን እፈልጋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ነው እንዲህ የሚያንቆራጥጠኝ።

አክስቴን የሚያይልሽ ሰው ካገኘሽ ራስሽ ነይ። ጀቤሳ የፊት ወንበር ይይዝልሻል። ካልሆነልሽም የትኛው ጣሳ እንደሆነ ጽፈሽ ባቄላውን በዚሁ ፖስታ መልሺው፣ እንዳልሽው አደርጋለሁ። ጾሙ ቢበረታብሽም ለንፍሮ እንዳታውይው።

ሌላም አለ፣ ከስብሰባው ስመለስ የሁሉቃ ድልድይ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ያሰብኩት። ያን ቀን በቀትር ሁሉቃን ስትሻገሪ ብቻሽን አልነበርሽም። እኔም ሆድሽ ውስጥ ነበርኩ። አብረን ተሻገርን፣ ምንም አልሆንንም።

ልጅሽ ኢዮሲያስ
አምቦ