ያልተነከረው ማሰሪያ

ውድ ወንድሜ ኢቨር፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ናያስ እንዴት ናት? የትንሹ ልጃችሁ የማሊክ ሳል ለቀቀው ወይ? የግሪንላንድ በረዶስ አሁንም በራችሁን እንደዘጋ ነው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። አባባንም ደህና ናቸው ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ልዋሽህ አልፈልግም።

ትናንት ከኦርሁስ ወደ አባባ ከተማ ወደ ሮስኪልደ የመጣሁት የባሕረኞች ማኅበራችን ጀልባ ከክረምት ማረፊያዋ ወጥታ ሸራ የምትዘረጋበት ቀን ስለነበረ ነው። አባባ በጥንቶቹ የቫይኪንግ ባሕረኞች ጀልባ አምሳል ሲሠሯት እኔና አንተ እንጨት አቀባይ እንደነበርን መቼም አትረሳውም። መሪዋን ከጎኗ አጣብቆ የሚይዘውን የአኻያ ማሰሪያ ዛሬም የሚገምዱት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ካልሰነበተ እንደ ጭራሮ እንደሚሰበር ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው።

ልንነሳ ስንል አባባ ከወደቡ ጫፍ ሆነው፣ «ቁሙ! ማሰሪያውን አልነከርኩትም!» አሉ። የጀልባዋ አዛዥ ቢርተ፣ «ጋሽ ቫግን፣ ማክሰኞ ነከርኩት ብለውኝ የለም እንዴ?» አለቻቸው። ግራ ገባቸው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጠዋት መነጽራቸው የት እንዳለ አራት ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር። እኔም እየሰሙኝ፣ «ተዉአቸው፣ ይረሳሉ፤ እንሂድ» አልኩ። ኢቨር፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አባባን ወደቡ ጫፍ ላይ ትተናቸው ተነሳን።

መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መሐል ባሕረ ሰላጤው ላይ ስንደርስ ነፋሱ በረታ። ማሰሪያው ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ወዲያው የመሪው እጀታ እጄ ላይ ቀለለ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ ውኃው እስከ ጉልበታችን ገባ። ቢርተ፣ «ሸራውን አውርዱ! ቶገር፣ አንተ መቅዘፊያ ያዝ!» ብላ ጮኸች። አምስታችንም አለቀልን ብዬ ነበር። ሁለቱ ውኃውን በባልዲ ሲያፈሱ፣ ሁለቱ ሲቀዝፉ፣ እኔ በኋላ በኩል መቅዘፊያውን እንደ መሪ አቅፌ ይዤ፣ ከሁለት ሰዓት ትግል በኋላ ወደቡ ገባን።

አባባ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። በዚያ ብርድ ኮታቸውን አውልቀው፣ ባልዲ ውስጥ አዲስ አኻያ እየነከሩ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ኢቨር፣ መጣህልኝ? ወንድምህ ባሕር ላይ ነው። ማሰሪያው ደርቋል ብል የሚሰማኝ አጣሁ» አሉኝ።

«ወንድሜ ወደቡ ገብቷል አባባ፤ አሁን ሰምቶዎታል» አልኳቸው።

ናያን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ ማሊክን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ቢርተም ሰላም ብላሃለች። አባባ ዛሬም «ኢቨር» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አቤት እላቸዋለሁ፤ አንተ ግን ቶሎ ና።

ወንድምህ ቶገር

ሮስኪልደ፣ እሑድ ሜይ 19 ቀን 2019