ንቅንቅ አላለችም!

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ሰመራ ዛሬም ትፈላለች። ከግመል ወተት የለየኋቸውን ባክቴሪያዎች ገድዬ ማጣበቂያ የቀባሁት መስታወት ላይ ጠብ አደረግኩ። ማራገቢያው ፊት ወዲያው ድርቅ! ይቺን ፍጥነቴን እወዳታለሁ። የጭነት መኪና ሹፌሩ አጎቴ ከማሉዲን ከገላፊ ጭኖ ሲመጣ ወደ አዋሽ ወሰደልኝ። ትልቁ ማይክሮስኮፕ እዚያ ነው፤ በቀጭን መርፌ ገላቸውን እየዳሰሰ ምስላቸውን ያወጣል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ማይክሮስኮፑን የምታሠራው አባይነሽ ደወለች። "ኧረ ሐጂራ፣ መርፌው ሲነካቸው ይንሸራተታሉ! ስናጥባቸውማ ጭራሽ ተልጠው ሄዱ።" ዛሬም... ማጣበቂያውን እኮ እጥፍ አድርጌ ነበር የቀባሁት!
አማካሪዬ ዶክተር ባንተይርጋ ስልኩን ተቀበሏት። "የሰመራ ሙቀት ለዚህ ሥራ አልሆነም። አንዴ ደግመሽ ሞክሪ። እምቢ ካለ አንቺ ወተቱን ላኪልን፣ መስታወቱን ሌላ ተማሪ እዚሁ ይሠራዋል።"
ወተት ላኪ! ግመሎችን ጽንስ የሚያስወርዳቸውን በሽታ ከወተት የሚለይ መመርመሪያ... የመመረቂያ ሥራዬ... ለሌላ ሰው? አለቀስኩ። በንዴት ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
መብራት ጠፋ። ማራገቢያም የለ። አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ አዲስ የሠራኋቸውን መስታወቶች የመጠጥ ውሃዬን የማቀዘቅዝበት ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። እርጥብ ጆንያ የጠቀለልኩበት ነው፤ እዚህ አገር ያለሱ ማን ቀዝቃዛ ይጠጣል?
ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ አልደረቁም! ልደፋቸው ነበር... እልኸኛ ነኝና አጠብኳቸው። በትንሿ ማይክሮስኮፕ አየሁ። ሱብሃነላህ! ሁሉም ቦታቸው ላይ። ደግሜ አጠብኩ። ወይ ፍንክች!
ለካ መድረቅ መጣበቅ አይደለም። ቶሎ ሲደርቁ ከጨው ጋር ቅርፊት ይሆናሉ፤ ውሃ ሲነካው ቅርፊቱ ይዟቸው ይሄዳል። ማጣበቂያው ሊይዛቸው ጊዜ ይፈልግ ነበር። እኔ በፍጥነቴ ስኩራራ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
እንዳይደርቁ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈቁ ላክኋቸው። "መኪናው ቢያንገጫግጫቸውስ?" አልኩት አጎቴን። "አጣብቄያለሁ አላልሽም? ታዲያ ምን ያስፈራሻል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
አልደወሉም። ምነው?

ሰኞ፣ ግንቦት 18፣ አዋሽ
"ነይና በዓይንሽ እዪ" ብለው ጠሩኝ። መርፌው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ... ባክቴሪያዋ እንደተቀመጠች! የገላዋ ሽብሽብ ሳይቀር ይታያል። አባይነሽ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔማ እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩም። አልሐምዱሊላህ!
ዶክተር ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና "የእኛንም መስታወት አንቺ ሥሪልን" አሉ።
"አልሠራም።"
ደነገጡ።
"ሰው ይላኩና ሰመራ መጥቶ ይማር።"
መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔው እመጣለሁ" አሉ።
በግንቦት! ይምጡ እንጂ። እስቲ ሙቀቱን ይቻሉት።